መንገድ የዘጉብን ሰዎች፦ ከቦሌ ጎዳና እስከ ዱባይ ተራ



ሻዕባን ሊጋመስ ሲል ነው። ዙህር ሰግደን ስንወጣ ዱባይ ተራ ሱቅ ያለው አንድ ወጣት ጫማውን እያሰረ «ኡስታዝ፣ አንዴ ላስቸግርዎት» አለኝ። ለዒድ ለሚያስመጣው ልብስ ወደ ዱባይ በባንክ ያስተላለፈው ክፍያ ተይዞበታል። ለምን ብሎ ሲጠይቅ ስሙ ከአንድ ዝርዝር ላይ ካለ ስም ጋር ስለተመሳሰለ እየተጣራ ነው ተባለ። ስሙን ከነአባቱ ስም መርካቶ መሐል ቆማችሁ ብትጠሩት ሃያ ሰው «አቤት» የሚልበት ስም ነው።

«እነዚያ ሰዎች የትም አገር ሲያፈነዱ እኔ እዚህ ካልሲ እየሸጥኩ ነበር። እኔን ምን አገባኝ?» አለኝ።

ቆሜ የመለስኩለት እኔንም አላረካኝም። እሱንም እንዳላረካው ፊቱ ላይ አየሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። መልሱን ለማግኘት ኒውዮርክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ታሪኩ እዚሁ ከቦሌ መንገድ ይጀምራል። (ቀኖቹን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመሪዎች ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሊከፈት ነው። የግብፁ ፕሬዚዳንት ሑስኒ ሙባረክ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥተው ወደ ከተማ ሲያመሩ አንድ መኪና መንገዱን ዘጋ። ታጣቂዎች በክላሽንኮቭ ተኮሱ። ሙባረክ የተቀመጡበት መርሴዲስ ጥይት የማይበሳው፣ ከካይሮ ቀድሞ የተጫነ ነበር። መኪናው ዞረ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመለሰ፣ ፕሬዚዳንቱም ጉባኤውን ሳያዩ አገራቸው ገቡ። እዚያ አስፋልት ላይ ከአጥቂዎቹ ጋር የእኛም አገር ጸጥታ አስከባሪዎች ሞቱ። ይህን ታሪክ ስንተርክ የሙባረክን መትረፍ እናወራለን እንጂ እንግዳ ሲጠብቁ የሞቱትን ሐበሾች አናነሳም።

ጥቃቱን የፈጸሙት ግብፃውያን ነበሩ፤ ኃላፊነቱንም «አል-ጀማዓ አል-ኢስላሚያ» የተባለው የግብፅ ቡድን ወሰደ። ጠባቸው ከገዛ መንግሥታቸው ጋር ነው። ነገር ግን ጠባቸውን ይዘው የመጡት ወደ እኛ ከተማ ነው። ቤት ተከራዩ፣ ከሰው ጋር ተጎራበቱ፣ ከዚያ የጎረቤቶቻቸውን መንገድ የጦር ሜዳ አደረጉት።

መድረሳ የቀራ ሰው እዚህ ላይ አንድ የፊቅህ ቃል ትዝ ሊለው ይገባል። «መትን አቢ ሹጃዕ» የምትባለውን ትንሽ ኪታብ ያልነካ የሻፊዒይ ደረሳ የለም። በውስጧ ከሑዱድ ምዕራፎች መካከል ስለ «ቁጣዑ-ጥ-ጠሪቅ» የሚናገር ክፍል አለ፤ ቃል በቃል መንገድ የሚቆርጡ ሰዎች ማለት ነው። እኛ ሽፍታ እንላቸዋለን። ዑለማዎቹ ይህን ወንጀል ከተራ ሌብነት ለይተው ያከበዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ሌባ የአንድ ሰው ዕቃ ይወስዳል። መንገድ ቆራጭ ግን ያልዘረፈውን ሰው ሁሉ ጭምር ቤቱ ያስቀምጠዋል። ነጋዴው አይወጣም፣ ሐጃጁ አይሄድም፣ ደረሳው ሸይኹ ዘንድ አይደርስም። አንድ ሰው ገድሎ ሺህ ሰው ያስፈራል። ዛሬ ሽብር የምንለው ነገር ሥራው ይኸው ነው።

ሌላም አለ። እነዚያ ሰዎች አገራችን የገቡት ጦር መዝዘው አይደለም፤ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነው። በፊቅህ ቋንቋ ይህ «አማን» ነው፤ የተሰጠህ ደኅንነት የሰጠኸውም ቃል ነው። በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለማዎች ቪዛን የአማን ውል አድርገው የሚያዩት ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሶሓቦች ነጃሺ ዘንድ የኖሩት በዚሁ አማን ነው። አማን በተሰጠበት አገር ውስጥ አማንን ማፍረስ ጀግንነት ተብሎ ሲወራ የሰማችሁ ካላችሁ፣ የተናገረው ሰው የትኛውን ኪታብ እንደቀራ ጠይቁት።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ከአጥቂዎቹ ከፊሎቹ ሞቱ፣ ሦስቱ ተያዙ፣ ሦስቱ ደግሞ ወደ ሱዳን አምልጠዋል ተብለው ተፈለጉ። ኢትዮጵያ አሳልፋችሁ ስጡኝ አለች። ካርቱም እኔ ዘንድ የሉም አለች። (ሸይኽ ሐሰን አት-ቱራቢ ከሞቱ በኋላ በአልጀዚራ በተላለፈ ቃላቸው የአገራቸው ከፍተኛ ባለሥልጣናት እጅ እንደነበረበት ተናግረዋል። ያኔ ግን ክህደት ነበር።) ሁለቱ ጎረቤት አገሮች ተቆራረጡ፤ የዲፕሎማት ቁጥር ተቀነሰ፣ በረራም ቆመ። ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሄደ። ጥር 22 ቀን 1988 ውሳኔ 1044 ሦስቱ እንዲሰጡ ጠየቀ። ሚያዝያ 18 ቀን ውሳኔ 1054 በሱዳን ዲፕሎማቶችና ባለሥልጣናት ላይ ማዕቀብ ጣለ። ነሐሴ 10 ቀን ደግሞ ውሳኔ 1070 በሱዳን አውሮፕላኖች ላይ የበረራ ማዕቀብ አዘጋጀ፤ ይህ የኋለኛው በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

በዚያ ጊዜ ካርቱም የሚኖር አንድ ሳዑዲያዊ ሀብታም ነበር፤ ኡሳማ ቢን ላደን። የሚገርመው የግንባታ ድርጅት ነበረውና ሱዳን ውስጥ መንገድ ይሠራ ነበር። በሱዳን ላይ ግፊቱ ከየአቅጣጫው ሲበረታ፣ ከአሜሪካም ከሳዑዲም ከጸጥታው ምክር ቤትም፣ ካርቱም ሰውየውን መሸከም አቃታት። ግንቦት 1988 ላይ ወደ አፍጋኒስታን ሄደ። ቦሌ ላይ የተተኮሰው ጥይት ብቻውን አፍጋኒስታን አደረሰው አልልም፤ ታሪክ በአንድ ክር አይጎተትም። ግን ከክሮቹ አንዱ የተፈተለው እኛ ከተማ ውስጥ ነው።

በዚያው ዓመት እኛም ቤት ሰላም አልነበረም። ጥር 1988 ጊዮን ሆቴል ፈነዳ፣ የካቲት ላይ ድሬዳዋ ራስ ሆቴል፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዋቢ ሸበሌ ሆቴል። ሰዎች ሞቱ፣ ቆሰሉ። ጣቱ የተቀሰረው ሶማሊያ ውስጥ በተደራጀው «አል-ኢትሓድ አል-ኢስላሚ» ላይ ነበር፤ ቡድኑም ለአንዳንዶቹ ጥቃቶች ኃላፊነት ወስዷል። ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሚኒስትር ላይ ተተኮሰ። ማን ነበሩ? ዶክተር አብዱልመጂድ ሑሴን፤ ሙስሊም፣ የሶማሌ ተወላጅ። የትኛው ሚኒስቴር? ትራንስፖርትና መገናኛ! መንገድ የሚቆርጡ ሰዎች የመንገዱን ሚኒስትር ሊገድሉ መጡ። ቆስለው ተረፉ። በኋላም በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ ቋሚ መልዕክተኛ ሆኑ፤ በዚያው ሥራ ላይ እያሉ በ1996 አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1990፣ ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። ናይሮቢና ዳሬሰላም ያሉ የአሜሪካ ኤምባሲዎች በተመሳሳይ ሰዓት ጠዋት ፈነዱ። ናይሮቢ ላይ 213 ሰው ሞተ። ከእነሱ ውስጥ አሜሪካውያን 12 ብቻ ናቸው። የቀሩት ከሞላ ጎደል ኬንያውያን ናቸው፤ ከኤምባሲው ጎን የነበረው ሕንፃ ተደርምሶባቸው የጸሐፊነት ትምህርት ሲማሩ የነበሩ ልጆች ሳይቀሩ አለቁ። «አሜሪካን መታን» ያሉ ሰዎች የመቱት የአፍሪካን ከተማ፣ ያውም ሰዎች ለጁሙዓ በሚዘጋጁበት ጠዋት ነው።

ከዚያ የዘመን መለወጫችን ዕለት መጣ፤ መስከረም 1 ቀን 1994። እኛ እንቁጣጣሽ ስንል ዓለም ያንን ቀን «ሴፕቴምበር 11» ብላ ያዘችው። ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ ውስጥ ሙስሊሞችም ነበሩ። ጥቃቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ከ17 ቀን በኋላ የሆነው ነው።

መስከረም 18 ቀን 1994 የጸጥታው ምክር ቤት በአንድ ቀን ሁለት ውሳኔ አሳለፈ፤ ቁጥራቸው ተከታታይ ነው። ውሳኔ 1372 በሱዳን ላይ የነበረውን ማዕቀብ አነሳ፤ ኢትዮጵያም ግብፅም ይነሳላት ብለው ደግፈው ነበር። የቦሌው ፋይል ተዘጋ። ውሳኔ 1373 ደግሞ የዓለም አገሮች ሁሉ ሽብርን በገንዘብ መርዳትን ወንጀል እንዲያደርጉና የተጠርጣሪዎችን ሀብት እንዲያግዱ ግዴታ ጣለ። አንዱ ፋይል ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ፤ አዲሱ ፋይል ግን የአንድ አገር አልነበረም። እያንዳንዱ ባንክ፣ እያንዳንዱ አውሮፕላን ማረፊያ፣ እያንዳንዱ ስም ገባበት። የዱባይ ተራው ወንድማችን ክፍያ የተያዘው በዚህ ፋይል ውስጥ ነው።

ግሎባላይዜሽን የሚሉት ነገር መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ዱባይ ተራ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። ቻይና የተሰፋ ልብስ ዱባይ ይራገፋል፣ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይቆያል፣ ከዚያ በተሸካሚ ትከሻ ሱቅ ይገባል። ዕቃው በኮንቴይነር ቢሄድም ነገሩ ሁሉ የቆመው በመተማመን ላይ ነው። ዴይራ ያለው ነጋዴ ያላየውን የመርካቶ ነጋዴ ያምናል፣ ባንክ ባንክን ያምናል፣ ኢሚግሬሽን ፓስፖርትን ያምናል። ሽብር ያቆሰለው ይህን መተማመን ነው። አንድ ሰው ታኅሣሥ 1994 ጫማው ውስጥ ፈንጂ ደብቆ ከፓሪስ ወደ ማያሚ አውሮፕላን ተሳፈረ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በብዙ አውሮፕላን ማረፊያ ጫማ ስናወልቅ ኖርን። (ለመስጂድ ማውለቅ የለመድን ሰዎች ስለሆንን በዚህስ ከሌላው እንሻላለን።) በ1998 ክረምት ለንደን ላይ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላን የመጣል ሴራ ተያዘ፤ ከዚያ ወዲህ የሽቶ ጠርሙስ በእጅ ሻንጣ መያዝ ጣጣ ሆነ። ጥቂት ሰዎች ያሰቡት ነገር የሚሊዮኖችን ልማድ ቀየረ።

የገንዘቡ ነገር ከሁሉ ይከፋል። ጥቅምት 28 ቀን 1994 አሜሪካ «አል-በረካት»ን አገደች። አል-በረካት የሶማሊያ ትልቁ የገንዘብ ማስተላለፊያ ነበር፤ ማዕከሉ ዱባይ። መንግሥትና ባንክ በሌለበት አገር እናት ልጇ ከውጭ የሚልክላትን የምታገኘው በእሱ ነበር። የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎትም ይሰጥ ስለነበር እገዳው ሲመጣ እሱም አብሮ ተመታ። ክሱ ገንዘቡ ለቢን ላደን ይደርሳል የሚል ነበር። በኋላ የአሜሪካው የመስከረም 1 መርማሪ ኮሚሽን ባልደረቦች ሲመረምሩ ያንን ክስ የሚያጸና ማስረጃ አላገኙም። ጥቃቱ ከ400 ሺህ እስከ 500 ሺህ ዶላር ፈጅቷል፤ ከውጭ የሄደው ገንዘብም በዋናነት የተላለፈው ከኤምሬትስ በመደበኛ መንገድ፣ በአሜሪካ ባንኮች ውስጥ ባለ ተራ ሒሳብ ነው። በሐዋላ አልነበረም።

«ሐዋላ»ም የዚያችው የትንሿ ኪታብ ምዕራፍ ነው፤ ዕዳን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር፣ መስፈርቶቹ በግልጽ የተቀመጡለት ንጹሕ ውል። ዛሬ የኢትዮጵያ ባንኮችም በበራቸው ላይ «ሐዋላ» ብለው ይጽፋሉ። (ይህን ያልኩት ከባንክ ውጭ ዶላር ለማዘዋወር ጥብቅና እየቆምኩ አይደለም፤ በአገራችን ሕግ ክልክል ነው፣ እኔም አላግዝም።) ሐቁ ግን ይህ ነው፤ በዚያች ኪታብ ውስጥ ነጋዴውን የሚያገለግል አንድ ምዕራፍ አለ፣ ነጋዴውን የሚያጠፋውን ሰው የሚቀጣ ሌላ ምዕራፍ አለ። የኋለኛውን የፈጸሙ ሰዎች የፊተኛውን ስም አጠፉት። ጠባቂዎቹም ሁለቱን ለይተው ማየት አልፈለጉም።

የእኛም አገር ከዚህ አልዳነችም። በየካቲት 2009 ኢትዮጵያ የገንዘብ እጥበትንና የሽብር ፋይናንስን በሚከታተለው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል የክትትል ዝርዝር ውስጥ ገባች፤ የወጣችው ጥቅምት 2012 ላይ ነው። ዝርዝር ውስጥ ካለ አገር የሚመጣ ክፍያ የውጭ ባንክ ዘንድ ሲደርስ ጥያቄው ይበዛል። ያ ጥያቄ ለትልቅ ድርጅት የጠበቃ ሥራ ነው፤ ለትንሽ ሱቅ ግን የወር ገበያ ነው።

አሁን ደግሞ የሚጎረብጠውን ልናገር። መንገድ የዘጉት መንገድ ቆራጮቹ ብቻ አይደሉም። በ2001 የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ቃላቱ ሰፊ ነበሩ፤ ሰፊ ቃል ደግሞ ለሥልጣን ይመቻል። በ2004 የአወሊያን ጉዳይ ተከትሎ «ድምፃችን ይሰማ» ሲባል፣ ጥያቄው ስለ መጅሊስ ምርጫና ስለ ሃይማኖት ነፃነት ነበር። ሐምሌ ላይ ሕዝበ ሙስሊሙ የወከላቸው የኮሚቴ አባላት ታሰሩ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ኡስታዝ አቡበክር አሕመድን፣ አሕመዲን ጀበልን፣ ያሲን ኑሩንና ካሚል ሸምሱን ጨምሮ 18 ሰዎች በሽብር ስም ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በመጨረሻ ተፈቱ። በዚያው አዋጅ ክርስቲያን ጋዜጠኞችም ታስረዋልና በእኛ ላይ ብቻ የወረደ ነው ማለት ፍትሕ አይሆንም። አዋጁ በ2012 በአዋጅ 1176 ተተካ። ግን እስቲ አስቡት፤ ቦምብ የያዘ ሰው «ሽብር» የሚለውን ቃል ወደ ሰፈራችን ባያመጣው፣ ወረቀት የያዘ ሰው ላይ ለመለጠፍ ይህን ያህል ይቀል ነበር? የመጀመሪያው በደል ለሁለተኛው በደል ሰበብ ሆነው። ሁለተኛውም ለመጀመሪያው ይመቸዋል፤ የተበደለን ወጣት ይዞ «አየህ፣ ሰላማዊው መንገድ አይሠራም» የሚል ሰው ስልኩ ላይ ይጠብቀዋል።

ያንን ሰው ተጠንቀቁት። የሚልካቸው ቪዲዮዎች ዜማ አላቸው፣ ግን ኢስናድ የላቸውም። በ2002 ካምፓላ ውስጥ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲያዩ የነበሩ ከ70 በላይ ሰዎችን አሸባብ ሲገድል አንዱ ቦታ የሐበሻ ምግብ ቤት ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ኢትዮጵያና ናይጄሪያ በሚጫወቱበት ዕለት ቦሌ አካባቢ ሁለት ሰዎች ሲያዘጋጁት የነበረው ፈንጂ እጃቸው ላይ ፈነዳ። ሌላ ቦታ ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ ከሞቱት ውስጥ ስንቱ የእኛ ሰፈር ልጅ በሆነ ነበር? ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ደግሞ ዳዒሽ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያንን ያረደበትን ቪዲዮ ለቀቀ። ማን ነበሩ? ስደተኞች፤ እንጀራ ፍለጋ በረሃ ያቋረጡ መንገደኞች። ፊቅሁ «መንገድ ቆራጭ» ሲል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ጨርቆስ ላይ ድንኳን ተተክሎ ሲለቀስ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ተቀመጠ፤ ገዳዮቹ ሊለዩት የፈለጉትን ሕዝብ።

«ምን አገባኝ?» ላለው ወንድሜ ያኔ ቆሜ ያልመለስኩለት ይኸው ነው። ጥፋቱ አንተ ላይ የለም፤ ለሌላ ሰው ወንጀል ይቅርታ እንድትጠይቅም የሚያስገድድህ የለም። ግን መንገዱ ያንተ ነው። በዱባይም በጅዳም በናይሮቢም የሚመላለሰው ያንተ ዕቃ፣ ያንተ እህት፣ ያንተ ሐጅ ነው። መንገዱን የቆረጠው ሰው ያንተን ስም ተውሶ ነው የቆረጠው። ስለዚህ ሱቅህ ደጃፍ ላይ አንዱ ሊያሞግሰው ሲጀምር፣ ከሌላው ሰው በፊት «ይህ ሰው በፊቅህ ሽፍታ ነው» ማለት ያለብህ አንተ ነህ። ማን እንዲሰማህ ብለህ ሳይሆን፣ የተዘጋው መንገድ ያንተ ስለሆነ።

ክፍያው በረመዳን ሦስተኛ ሳምንት ተለቀቀለት። ዕቃው ግን ለዒድ ገበያ አልደረሰም።

ወላሁ አዕለም።